በጥቁር መነጽር ምራት ጥየቃ

ሰቆጣ ምን ትመስላለች ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ አስቀድሜ የምነግረው ነገር አለ፤ እኔም በደንብ አላየኋትም። ሄጃለሁ፣ በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ፣ አድሬባታለሁ፤ ያየኋት ግን ወተት በፈሰሰበት መስተዋት እንደሚያይ ሰው ነው። ስለዚህ ተራራው ምን ያህል ይረዝማል፣ ከተማው ስንት ቤት አለው የሚል አንባቢ ካለ ከአሁኑ ይቅር ይበለኝ። አዲስ አበባ የሰባራ ባቡር ሰፈር ጎረቤቶቼ እስቲ እንደሆነው አድርገህ ጻፈው ስላሉኝ ነው የምጽፈው። ከእነሱ መካከል እንኳን ሰቆጣ ኮረምም የሚደርስ ያለ አይመስለኝም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ነገሩ የጀመረኝ ከደረቴ ነው። ሳል ያዘኝና ሳምባ ነቀርሳ ነው ተብዬ ለብዙ ጊዜ መርፌ ተወጋሁ፤ ሳሉ ግን ንቅንቅ አላለም። በኋላ አንድ የውጭ አገር ሐኪም አንገቴ ሥር ካበጠው እጢ ቆንጥሮ አስመረመረና ነቀርሳ ሳይሆን ሳርኮይዶሲስ የሚባል ነው አለኝ። ስሙን አፌ እስኪለምደው ድረስ ብዙ ቀን ወሰደብኝ። ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሰውነት በገዛ ራሱ ላይ ተነሥቶ እዚህም እዚያም እብጠት ያበቅላል አለኝ። ከሳምባዬ ተነሥቶ ዓይኔ ላይ ወጣ። ዓይኔ ቀላ፤ ብርሃን ይወጋኝ ጀመር።

ፕሬድኒሶን የሚባል ክኒን ታዘዘልኝ። ሳሉን አቆመው፣ የዓይኔን ቅላት አበረደው፤ እኔም ወደድኩት። ቀኑ እየገፋ ዓመቱም እየተተካ ሲሄድ ግን ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ፣ አንገቴ ጠፋ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ተክሌ፣ ተመችቶሃል» ይለኛል። ዓይኔም ከእሳቱ ወጥቶ ጭሱ ውስጥ ገባ። ክኒኑ ሲቆይ ዓይንህ ውስጥ ሞራ ጋረደ፣ የዓይንህንም ግፊት ከፍ አደረገው አለኝ ሐኪሙ። ታዲያ ላቁመው ስለው በድንገት ካቆምከው ሰውነትህ ለምዶታልና ይጥልሃል አለኝ። ጨው እንድተው፣ ከፀሐይ እንድከለል፣ ጠብታውን እንዳልረሳ አዘዘኝ። ዓይኔ ጸጥ ሲል ሞራውን በቀዶ ጥገና ሊያወጣው ነው፤ ይሳካል ብሎ ግን አልማለልኝም።

ይህ ሞራ አንድ ጠባይ አለው። ፀሐይ በበረታ ቁጥር ያሳውረኛል፤ ጥላ ሲሆንና ሲመሽ ያሳየኛል። ፀሐይ ላይ ብሌን ስለሚጠብ በሞራው በኩል ብቻ እንደማይ፣ ሲጨልም ግን ብሌኑ ሰፍቶ በዳር በዳሩ እንደማይ ሐኪሙ ነግሮኛል። ሌላው ሰው ወደ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት የኔ ቀን ይነጋል ማለት ነው።

አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለኝ፤ ሰይፉ ይባላል። እናቱ ካረፈች ቆየች። አስተማሪ ሆኖ ሰቆጣ ተመድቦ ነበርና ከዚያ ልጅ ወድጃለሁ፣ አገሬው ግን አባት መጥቶ ካልጠየቀ ሴት ልጁን አይሰጥም ብሎ ላከብኝ። እኔም ከቢላው በፊት ዓይኔ እያየ ልዳረው ብዬ ቆረጥኩ። ስለ ዓይኔ ግን ለልጄ አልነገርኩትም። በጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ ጥቁር መነጽር ገዝቼ ተነሣሁ።

ሰኞ። ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ጎረቤቶቼ ያለ ጨው የጋገሩልኝን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤያለሁ። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ተሳፋሪው ሁሉ በጨለማው ዝም አለ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ነው ማየት የጀመርኩት። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት ሹራብ ትከሻው ላይ ተተርትሮ በሌላ ቀለም ክር ተጠግኗል፤ ጠጋኙም የቸኮለ ሰው ነው። ዋሻው አልቆ ፀሐይ ሲመጣ ሴትየዋም ሹራቧም ሻይ ውስጥ እንደ ገባ ስኳር ሟሙብኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ኮምቦልቻ ያየሁት አረንጓዴና ቢጫ ነገር ወደ ኋላ ሲፈስ ብቻ ነው።

ደሴ በማታ ደረስን። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት አንዲት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ማሾ ፋኖሱ በርቷል፤ ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ መብራት ሁሉ ለኔ ቀስተ ደመና ይታጠቃል፤ ሐኪሙ የግፊቱ ምልክት ነው ቢለኝም ያምራል ብል ውሸት አይሆንም። በዚያ ቀስተ ደመና ተደንቄ ስገባ ግድግዳው አጠገብ አንድ ረጅም ሰው ቆሞ አየሁና ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁ። እንደምን አመሹ አልኩት። ዝም አለ። ደግሜ እጅ ነሣሁ። ለካ የተሰቀለ ካፖርት ነው። ዕድሜ ልኬን ካፖርት ስሰፋ ኖሬ ለካፖርት ሰገድኩ። ሴትየዋ ግን አልሳቁብኝም። «የባለቤቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። እሱም አክባሪ ሰው ይወድ ነበር» አሉና እግሬን የምታጠብበት ውኃ አቀረቡልኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ይህ ነገር እስከ ፋሲካ ይወራብኝ ነበር።

ማክሰኞ። በወልዲያና በቆቦ በኩል አልፈን ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወስደውን ጠመዝማዛ ወጣን። ተሳፋሪው ገደሉን እያየ እመቤቴን ይጠራል፤ እኔ ገደሉ ስለማይታየኝ ዳቦዬን በሰላም በላሁ። ለሁሉም ነገር አንድ ጥቅም አለው። ኮረም ብርዱ የእንጦጦን ያስንቃል።

ኮረም ላይ የሚቀበለኝ ሰው ሰይድ ይባላል። የሰቆጣ ነጋዴ ነው፤ አቡጀዲና ጋዝ ከኮረም እየጫነ ይነግዳል፤ ልጄም የተከራየው በሱ ግቢ ነው። ጉልምስና ላይ ያለ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። በማግስቱ ጠዋት ለኔ የተጫነችውን በቅሎ አሳየኝ፤ እኔ ደግሞ ጨው የተጫነች የሌላ ሰው በቅሎ አንገት አቅፌ ልወጣ ታገልኩ። ባለቤቷ ሲጮህ ሰይድ ምንም ሳይል ክንዴን ይዞ ወደ ራሴ በቅሎ ወሰደኝ። ለልጄ እንዳይነግርብኝ ለመንኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዓይኔ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ረቡዕና ሐሙስ በበቅሎ ተጓዝን። ስለዚህ መንገድ የምነግራችሁ በእርግጥ የማውቀውን ነው፤ ድንጋዩ በበቅሎዋ ሰኮና ሥር ሲጮህ፣ ሽቅብና ቁልቁል ሲሆን ወገቤ ሲነግረኝ፣ የቁልቋልና የአቧራ ሽታ ሲለዋወጥ። ፀሐይዋ ከድንጋዩ ላይ ተመልሳ ከታችም ከላይም ትመታለች። የቀረው ሁሉ ሕልም ነበር። ተራሮቹ አንዱ ከሌላው ኋላ ታጥቦ እንደደበዘዘ ጨርቅ ተደርድረዋል፤ አንዳንዴም ተራራ ነው ያልኩት ደመና ሆኖ ይሄዳል፤ ደመና ያልኩትም ላይ ፍየል ይጮሃል። ሰይድ ከፊት ይሄዳል። መንገዱ ሲጠብ ነጭ ኩታውን አውልቆ ከኮርቻው ኋላ አንጠለጠለው። ሞቆት ነው ብዬ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ እኔ ነጩን ተከትዬ እንድሄድ ነበር።

ረቡዕ ማታ አንድ ገበሬ ቤት አደርን። ጾም ስለነበር የቤቱ እመቤት የገብስ ቂጣና ሽሮ ልታቀርብ ስትል ጨው የሌለበት ቢገኝ ብዬ ጠየቅሁ። በኛ ሰፈር ወጥ ጨው በዛበት ተብሎ ነው ባልና ሚስት የሚጣላው። እዚያ ግን ጨው ከሩቅ በግመል መጥቶ፣ ከግመል ወደ በቅሎ ተዛውሮ የሚደርስ፣ አባቶቻቸው እንደ ገንዘብ ይመነዝሩት የነበረ ነገር ነው። ለእንግዳ ጨው የሌለው ሽሮ ማቅረብ ውጣልኝ እንደማለት ይቆጠራል። ሴትየዋ አብስላ የጨረሰችውን ትታ ለብቻዬ ሌላ ጣደችልኝ፤ እንደከፋት ግን ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር። ሐኪም ከልክሎኝ ነው ብዬ ብናገር ኖሮ ባልከፋት። እኔ ግን የታመመ አማት ልጅ ሊጠይቅ መጣ እንዳይባል ሰግቼ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ በኋላ ምን እንዳመጣብኝ ታያላችሁ።

ሐሙስ ወደ ማታ ሰቆጣ ገባን። ሰይፉ ከከተማው ዳር ሲጠብቀኝ ነበር። በእግር አረማመዱ ገና ከሩቅ ለየሁት፤ ቀኝ ትከሻው ከልጅነቱ ጀምሮ ዝቅ ይላል፤ ኮት በሰፋሁለት ቁጥር በጨርቅ ነበር የማስተካክለው። አቀፈኝና «ወፈሩ እኮ አባባ፤ ተመስገን» አለኝ። በደስታ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ተመችቶኛል አልኩት።

ዓርብ ስናርፍ ዋልን። የሰይድ ባለቤት ቤት ውስጥ ላለው እንግዳ ያደረገችውን ሳልጽፍ አላልፍም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እነሱ እስላሞች ናቸው፤ ጾሙ ካለፈ በኋላ የምበላው ሥጋ እንዳይቸግረኝ ከጎረቤት ክርስቲያን ቤት አሳርዳ፣ ድስቱንም ከዚያው ተውሳ፣ ወጡንም በዚያችው ጎረቤት እጅ አሠርታ አስመጣችልኝ። ያለ ጨው። ሰይድ ምን ብሎ እንዳስረዳት አላውቅም። አዲስ አበባ በር ለበር እየኖርን ስንቱን የማንተሳሰብ ሰዎች ነን።

ቅዳሜ ጠዋት ስለ እኔ ሆነው ልጅቷን የሚጠይቁት መሪጌታ ኃይሉ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ላሳይዎ ብለው ወሰዱኝ። መሪጌታ ሸምገል ያሉ፣ ጨዋታ የሚወዱ፣ የአንድ ደብር የዜማ መምህር ናቸው። ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ውስጡ ጨለማ ነው። ሌሎቹ በር ላይ ቆመው ዓይናቸው እስኪለምድ ሲጠብቁ እኔ መነጽሬን አውልቄ ሰተት ብዬ ገባሁ፤ የዓምዱን ቅርጽ፣ የመጋረጃውን ጥልፍ፣ ከጥግ የተቀመጡትን አረጋዊት መነኩሲት ሁሉ አየሁ። ከሰማይ በታች እንደዚያን ጊዜ የተደሰትኩበት ሰዓት ትንሽ ነው። እንደ ሕፃን ይህን እዩ፣ ያንን እዩ እያልኩ ሌሎቹን እየመራሁ ዞርኩ። ደጅ ስንወጣ ፀሐይዋ ተቀበለችኝና ደረጃውን ስቼ በደረቴ ተደፋሁ። የተሰበሰበው ሰው አነሣኝ፤ አቧራዬን አራገፈልኝ። ከመካከላቸው የልጅቷ ዘመዶች እንደነበሩ አላወቅሁም።

እሑድ ወደ ልጅቷ አገር ሄድን፤ መሪጌታ፣ ሰይድና እኔ። ሰይፉ በወጉ መሠረት ቀረ። ስሄድ እጄን ይዞ «አባባ፣ ይህች ልጅ ከቀረች ከዚህ አገር እወጣለሁ» አለኝ። የልጅቷ ስም ምሕረት ይባላል። ቤታቸው ወደ ጽጽቃ በሚወስደው መንገድ ግማሽ ቀን ያህል በበቅሎ ያስኬዳል፤ ደጋ ነው፤ ገብሱ ታጭዶ ማሳው ነጭ ሆኗል። ከታች በተከዜ በኩል ያለው ቆላ በጭጋግ ተሞልቶ ነበር፤ ለሁላችንም ጭጋግ ነበርና ለአንድ ጊዜ ከሰው እኩል አየሁ።

የደረስነው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። የልጅቷ አባት አያ አስረስ ከደጅ ተቀበሉን። እጃቸውን ዘርግተው ሲሰጡኝ እኔ አጠገባቸው ላለው ምሰሶ እጄን ሰጠሁ። ደጃፉን ስሻገር በመድረኩ ተሰናከልኩ። ውስጥ ስገባ ግን ቤቱ ጥላ ነውና ሁሉ ነገር ታየኝ፤ ልማድ ሆኖብኝ መነጽሬን አላወለቅሁም። ያን ጊዜ ነው ከጥግ የተቀመጠች አንዲት ሴት የሕፃኗን ፊት በነጠላዋ ስትሸፍን ያየሁት። ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት። ሌላዋም ሸፈነች።

ዘር ተቆጠረ፤ የአባቴን፣ የአያቴን፣ የቅድመ አያቴን ስም ጠየቁኝ። ሥራዎ ምንድን ነው ሲሉኝ በኩራት የእጅ ሥራ ነው፣ ልብስ እሰፋለሁ አልኩ። በአገውኛ ተነጋገሩ። እኔ አገውኛ አልሰማም፤ የመሪጌታ እጅ ግን መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ አየሁ። የአበርገሌ ፍየል ታርዶልኝ ነበር። ጨው የሌለበት አልኩ። ከማድ ቤት በኩል አንዲት ሴት ሳል አለች።

ማታ፣ ፀሐይ ዘቅዝቃ ገደሉ ሰማያዊ ሲሆን፣ ቀኔ ነጋልኝና ብቻዬን ወጣሁ። መነጽሬን ኪሴ ከተትኩ። በድንጋዩ መካከል ያለ ዱላ እንደ ልቤ ሄድኩ። ከብት እየነዱ የሚመለሱትን ከሩቅ ለይቼ በየስማቸው እንደምን አመሻችሁ አልኳቸው፤ ቀን ሲተዋወቁኝ ስማቸውን ይዤ ነበር። እየመለሱልኝ መንገዱን ለቀቁልኝ። በዚያ ሰዓት ሽታው፣ ጸጥታው፣ የሩቁ ተራራ ሁሉ እንደ ጥልፍ ጎልቶ ሲታየኝ ልጄን እዚህ ብድረው እንዴት ደስ ይለኛል እያልኩ ነበር። ከታች ጅብ ጮኸ። እኔ ከዚያው አቅጣጫ እየመጣሁ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አያ አስረስ መሪጌታን ለብቻቸው ጠሩና ለከርሞ ጥር እንነጋገር አሏቸው። ለከርሞ ማለት እንቢ ማለት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። መሪጌታ ከግቢው ኋላ ወስደው ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ።

«አቶ ተክሌ፣ ሰዎቹ ፈርተውዎታል። ቡዳ ነው ብለዋል።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ቀን ይሰናከላል፤ ሲጨልም እንደ ልቡ ይሄዳል። ዓይኑን በጥቁር መነጽር ይሸፍናል። ጨው አይቀምስም። የእጅ ሥራ ነው የሚሠራው፤ በዚያ አገር ጠይብ የሚሉት ቀጥቃጩንና ሸማኔውን ነው፤ ልብስ ሰፊን ከየትኛው እንደሚያስቀምጡት ግራ ገብቷቸዋል። ማታ ደግሞ ጅቡ ከጮኸበት በኩል መጣ። አንድ በአንድ ሲቆጥሩልኝ እኔ ራሴን ልፈራው ምንም አልቀረኝም። በኛ ሰፈርም እኮ ስለ ሸክላ ሠሪዋ ይህን ሲያወሩ አብሬ ሻይ ጠጥቻለሁ። ያን ጊዜ አላመመኝም ነበር።

ሰይድ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ዓይኔ የተናገረው ያኔ ነው።

«ይንገሯቸው፤ እኔ ቃል ስለሰጠሁ ነው ዝም ያልኩት።»

ልቤ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ካልተናገርኩ ልጄ የቡዳ ልጅ ሆኖ ይቀራል። ከተናገርኩ ደግሞ የበሽተኛ ልጅ ይሆናል፤ ዘር የሚቆጠረው እኮ ይህንኑ ለመፈለግ ነው። ፀሐይዋ ወደ ላይ እየወጣች ነበር፤ ግቢው ለኔ ነጭ ወረቀት ሆኗል። ወደ ድምፁ ሄድኩና አያ አስረስና ዘመዶቻቸው ከተቀመጡበት ፊት ቆምኩ። መነጽሬን አወለቅሁ። ብርሃኑ ገባብኝ፤ እንባዬ ወረደ፤ ግን አልሸፈንኩም።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሳሉ፣ ስለ እጢው፣ ስለ ክኒኑ ነገርኳቸው፤ ፊቴ የተነፋው በምቾት አይደለም፣ ጨው የተውኩት በሐኪም ትእዛዝ ነው፣ ቀን የምታወረው ሞራው ከመካከል ስለሆነ ነው አልኳቸው። ልጄ ጤነኛ ነው፤ ሐኪሙ ከአባት ወደ ልጅ እንደ ርስት የሚተላለፍ አይደለም ብሎኛል፤ ግን ልጄም አያውቅም፤ ደብቄዋለሁ አልኩ። እዚያው ፀሐይ ላይ ቆምኩ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከዚያ በፊት የማውቀው ልብስ አበላሽቼ ባለቤቱ ሲለካው ብቻ ነው።

ከማድ ቤት በኩል የእግር ኮቴ መጣ። አያ አስረስ ተይ አንቺ አሉ፤ ኮቴው አልቆመም። የልጅቷ እናት እመት ካሰች ናቸው፤ ትናንት ከማድ ቤት ሳላቸውን ሰማሁ እንጂ ፊታቸውን አላየሁም ነበር። አሁንም የታየኝ አጭር ጥላ ነው። መሪጌታ በጆሮዬ እሳቸው የአገሩን ሁሉ ዓይን ያያሉ አሉኝ። በዚያ አገር ብዙ ሰው ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየዞረ ዓይኑን ይወጋዋል፤ ሴቶቹ ትንሽ ወረንጦ በአንገታቸው አንጠልጥለው ይዞራሉ፤ ሲወጋቸው ይነቀላሉ። እመት ካሰች የራሳቸውንም የጎረቤትንም ሲነቅሉ የኖሩ ናቸው።

ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። እጃቸው ጭስና ቅቤ ይሸታል። ፊታቸውን ከፊቴ አስጠግተው፣ ትንፋሻችን እስኪገናኝ ድረስ፣ የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣታቸው ገለበጡና ተመለከቱ። ቀኙን አዩ፤ ግራውን አዩ። ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት እግዚኦ አለች። ከቡዳ ጋር እንዲህ ዓይን ለዓይን የሚገጥም ሰው በዚያ አገር የለም።

«ፀጉር አልበቀለበትም፤ ውስጡ ነው የደፈረሰው» አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያምዎታል?» አሉኝ።

«ፀሐይ ላይ ያመኛል።»

«ታዲያ ለምን ፀሐይ ላይ ያቆሟቸዋል?» ብለው ባላቸውን ገሠጹና እጄን ይዘው ወደ ቤቱ ጥላ አስገቡኝ፤ ከምሰሶው አጠገብ አስቀመጡኝ። ሌሎቹም ተከትለው ገቡ፤ እንደ ትናንቱ ግን አልራቁኝም። እመት ካሰች ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ለከርሞ አሉ አንቱ? ለከርሞ እኔ አያለሁ? እኚህስ ያያሉ? ልጃችንን የምንድራት ለጎረቤት ዓይን ነው? ፋሲካ ሲፈታ ይሁን።»

አያ አስረስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከፋሲካ ማግስት ባለው ሳምንት ሰጥተናል አሉ። መሪጌታ ተነሥተው መረቁ። ሰይድ በመዳፉ ፊቱን ሲያብስ አየሁት።

ምርቃቱ አልቆ ጠላ ሲቀዳ እመት ካሰች አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ልጅቷን አይተዋታል ወይ አሉኝ። አላየኋትም ነበር፤ ትናንት በፀሐይ ውኃ ይዛ ስታልፍ ቀይ ነገር ብቻ ነው የታየኝ። ልጃቸውን በአገውኛ ጠሯት። በሩ ላይ ስትቆም ወደ ውስጥ፣ ወደ ጥላው ግቢ አሏት። ገባች። አንገቷን ደፍታ ቆመች።

«ታየችዎት?»

«ታየችኝ።»

«እኔ ከስንዝር ወዲያ አላይም። አስጠግቼ ባያትም ዓይኗን ብቻ አያለሁ፣ አፏን ብቻ አያለሁ፤ ሙሉዋን ካየኋት ብዙ ጊዜዬ ነው። ለማንም አልነገርኩም። እስቲ ምን መስላለች?»

ልጅቷ ይህን ሰምታ ቀና አለች። ማልቀስ እንደጀመረች እኔ አየሁ፤ እናቷ አላዩም። እኔም እንደማውቀው ከትከሻዋ ጀመርኩ። ትከሻዋ እኩል ነው፣ አንገቷ ረጅም ነው፣ ግንባሯ የእርስዎ ነው፣ ስትቆም ወደ ግራ እግሯ ታደላለች አልኳቸው። እመት ካሰች ራሳቸውን ወደ ድምፄ አዘንብለው ሲሰሙ ቆዩና «ይቀጥሉ» አሉኝ።